ዝናብ ሲዘንብ ሸራ አይነሳም

መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ፤ ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂም ጉልበትሽ አይክዳሽ። እኔ ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ።

እንዳስተማርሽኝ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ሰላምታውን ጽፌያለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ቀን ያልጻፍኩበትን ደብዳቤ "አላነበውም" ብለሽ የመለስሽልኝን አልረሳሁትም። አሁን ወደ ወሬው፦ ሥራ ያዝኩ! የትም እንዳይመስልሽ። እዚሁ ድልድዩ ላይ፣ የጉምሩክ ፈታሽ ሆኜ ነው። አንቺ ሻንጣሽን እየጎተትሽ የተሻገርሽበት፣ እኔ የትምህርት ቤት ልብሴን እንደለበስኩ ከማገጃው ወዲህ ቆሜ የቀረሁበት ድልድይ።

የሰፈሩ ሰው "ሕግ ተምረሽ ሻንጣ ልትበረብሪ?" እያለ ያፌዝብኛል። ያፊዝ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የደንብ ልብሱን ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም፣ እናቴ ሞታ አንቺ ቤት የገባሁበትን ቀን አስታወስኩ። ያኔ ምንም አልነበረኝም። ዛሬ ማንም ሳያስፈቅደኝ የማያልፍበት በር አለኝ።

ቦታውን ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ከእናንተ በኩል የሚመጣ መኪና ውሃውን አቋርጦ መጀመሪያ ማገጃው ጋ ይቆማል፤ አጠገቡ ባለው መስኮት የመሻገሪያውን ይከፍላል፤ ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻ የፍተሻው ቢሮ ፊት እኛ ጋ ይቆማል። እኛ ሸራውን አስነስተን እናያለን፣ እንጠይቃለን፣ እንለቃለን። ከላያችን ጣሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው የሚውለው።

የኮረብታው ቤታችን ቁልፍ አንቺ ጋ ስለሆነ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ማታ ማታ ከዚያ ሆኜ የማዶውን መብራት አያለሁ። አንደኛው ያንቺ እንደሆነ አስባለሁ። ይህ ደብዳቤ ግን ወደ ዋና ከተማችን ወርዶ፣ ከዚያ ወደ እናንተ ዋና ከተማ ሄዶ፣ እንደገና ወንዙ ዳር እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ድንጋይ ላይ አስሬ ብወረውረው ይቀድም ነበር። ስልክ አልወድም ስላልሽ ግን ምን ላድርግ፣ እንደ ድሮ ሰው እንጻጻፋለን።

ልጅሽ

ሚያዝያ 3 ቀን

ለልጄ፣ ለዳኛዬ፣

እግርሽ የረገጠው ይለምልም፣ የተናገርሽው ይሰማ፣ ጠላትሽ ፊትሽ ቆሞ ቃል ይጥፋው። ደብዳቤሽን መጋዘን ውስጥ ቆሜ ሳነብ እንባዬ ዱቄት በነካው ፊቴ ላይ ወርዶ ሊጥ ሆንኩልሽ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁብኝ። "ምን ሆኑ?" ሲሉኝ "ልጄ ትልቅ ሰው ሆነች!" አልኳቸው።

ዳኛዬ ያልኩሽ በከንቱ አልነበረም። ዳቦ አካፍዪ ስትባዪ በክር ለክተሽ እኩል የምትቆርጪ ልጅ ነበርሽ። ለራስሽ አታዳዪም፣ ለኔም አታዳዪም። ያኔ "ይቺ ልጅ ታስፈራኛለች" እል ነበር፤ በፍቅር ነው ታዲያ።

እኔ ከዱቄቱ ንግድ ጋር እየታገልኩ አለሁ። ሾፌሮቼን ሰብስቤ "ስሙ፣ ድልድዩ ላይ ያለችው ልጅ የኛ ናት" አልኳቸው። ኩራቴን ብታዪ! አንዱ "እንግዲያው ቀይ ምንጣፍ ይነጠፍልን" ቢለኝ "እሷ ለኔም አታነጥፍ፣ ተነስ ወደ ሥራህ" ብዬ አባረርኩት።

እስቲ ሁሉንም ጻፊልኝ። አጠገብሽ የተቀመጥኩ እስኪመስለኝ ድረስ። አለቃሽ ማነው? ክፉ ነው ደግ? ከማን ጋር ትስቂያለሽ? ደግሞ ጣሪያ የለም ካልሽ ዝናብ ሲመጣ ምን ይውጣችኋል? ያንን ሁሉ ጭነት ዝናብ ላይ ቆማችሁ ነው የምትፈትሹት? ሳንባሽ እንደሁ ከልጅነትሽ ጀምሮ ደካማ ነው። ሐሳብ ላይ ጣልሽኝ።

ስልኩን ተይው። ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ ሥራም አልሠራ። ወረቀት ይሻለኛል፣ ደጋግሜ አነበዋለሁ።

አክስትሽ

ሚያዝያ 28 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ዱቄቱ ይባረክልሽ፣ ሠራተኞችሽም የሚስቁብሽ በደስታሽ ብቻ ይሁን። ሊጥ ሆንኩ ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ስቄ አከራዬ በሩን አንኳኩታ "ሰላም ነሽ?" አለችኝ።

አለቃችንን ጠየቅሽ። አቶ ነገ እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁሉን ነገር ለነገ የሚያሳድር ሰው ነው። ለምሳሌ የጣሪያው ነገር።

"ጣሪያ እናሠራ" አልኩት።

"ነገ እናየዋለን።"

"ትናንትም ነገ ብለው ነበር።"

"እና ታዲያ አልመሸም እኮ።"

ሚዛኑን የሚይዙት ሽማግሌ ከመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው "ልጄ፣ እኔ እዚህ ስቀጠር ፀጉሬ ጥቁር ነበር። ጣሪያው ያኔም ነገ ነበር" አሉ። ጋሽ ሚዛን ነው የምንላቸው። የምስቀው ከሳቸው ጋር ነው።

ዝናቡን ጠየቅሽኝ፤ ጉድ ስሚ። ዱቄት ወይም ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሸራው ዝናብ ላይ ከተነሳ ጭነቱ ይበላሻል፤ ባለንብረቱ ይከሰናል። ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ ሸራ አይነሳም። ማሸጊያው እንዳልተቆረጠ ይታያል፣ ክብደቱ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፣ ይለፍ ይባላል። የተጻፈ ደንብ እንዳይመስልሽ፤ አንድ ቀን የተጀመረ ልማድ ነው። ሾፌሮቹ እንኳን አያውቁትም፤ ዕድል የቀናቸው ይመስላቸዋል። "ዝናቡ እስኪያባራ ለምን አይቆሙም?" ብዬ ስጠይቅ አቶ ነገ "ሰልፉ ማዶ ድረስ ይደርሳል" አለኝ። ይድረስ! እኔ ዝሆን የሚያክል መኪና ዓይኔ እያየ ሳይፈተሽ ሲያልፍ እጄን ይበላኛል። ጣሪያው እስኪሠራ ዝም አልልም፤ አንቺ ታውቂኛለሽ።

ሳንባዬ ደህና ነው። አታስቢ።

ልጅሽ

ግንቦት 22 ቀን

ለልጄ፣ ለዳኛዬ፣

ብርድ አይንካሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ የሚጠሉሽ በልተው አይጥገቡ። ደብዳቤሽን ከአንዴም ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። በእውነት አጠገብሽ የቆምኩ መሰለኝ።

የዝናብ ካፖርት ገዝቼልሻለሁ። ቢጫ ነው፤ ከሩቅ እንድትታዪ። በፖስታ ብልከው ክረምቱ አልፎ ነው የሚደርስሽና በሾፌሬ እጅ ላክሁት። ዝምታው ይባላል፤ ቃል ከአፉ የሚያወጣው በዓመት አንዴ ነው። ሰላም በዪው፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። የኛ ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ልምከርሽ። የጣሪያውን ነገር ተይው። አዲስ ሠራተኛ ነሽ። አለቃን ሰው ፊት ማፋጠጥ ለማንም አልበጀ። ጣሪያ የአናጢ ሥራ ነው፤ አንቺን ምን አገባሽ? ደመወዝሽን ብዪ፣ ካፖርትሽን ልበሺ፣ ዝም በዪ። ይህን የምልሽ ስለምወድሽ ነው።

ደግሞ ክረምቱ እናንተ ጋ እንዴት ይዟል? እዚህ ከሰዓት ከሰዓት ነው የሚያወርደው። እናንተም ጋ እንደዚሁ ነው ወይስ ይለያል?

አክስትሽ

ሰኔ 17 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

እጅሽ አይጠር፣ ያለበስሽኝን ያህል ሙቀት ይልበስሽ። ካፖርቱ ደረሰኝ። ዝምታው ከመኪናው ወርዶ ሁሉም እያየ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና "ከእመቤቴ" አለ። አንዴ! ለዓመቱ ይበቃዋል ማለት ነው። ጋሽ ሚዛን "አሁንማ የሎሚ ዛፍ መሰልሽ" ብለው ሲስቁብኝ ዋሉ። ለብሼው ስቆም እውነት ነው የምልሽ፣ የታቀፍሽኝ ይመስለኛል።

ዝናቡ እዚህም ከሰዓት በኋላ ነው። ወንዝ እኮ ነው የሚለየን፣ ሰማዩ አንድ ነው።

ምክርሽን ግን አልተቀበልኩም፤ አትቀየሚኝ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነስቼ "ጣሪያ ካልተሠራ ይህ ኬላ በበጋ ብቻ የሚሠራ ኬላ ነው" አልኳቸው። አቶ ነገ ፊቱ ቀላ። "ሕግ የተማረ ሰው አስቸጋሪ ነው" አለ። "አዎ" አልኩት፣ "ለዚያ ነው የምንማረው።" አንቺ እኮ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ። ለዳቦ በክር የለካሁ ለመኪና ዓይኔን እንድጨፍን ለምን ትፈልጊያለሽ? ቆይ ስትመጪ እንጣላለን፣ ከዚያ እንታረቃለን።

ልጅሽ

ሐምሌ 20 ቀን

አክስቴ፣

በጤናሽ ያግኝሽ። መልስሽ ገና በመንገድ ላይ ይሆናል፤ መጠበቅ ግን አልቻልኩም።

ያንቺ የዱቄት መኪና ባለፈው ሳምንት ዝናብ እየዘነበ ተሻገረ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ማሸጊያው ደህና ነበር፤ ክብደቱም ከወረቀቱ ጋር ልክ ነበር። ዝምታውን በእጄ ሰላም ብዬ አሳለፍኩት። ከተማ ገብቶ የገበያው መንገድ ላይ ጭቃ ዋጠው። ጎማው አልወጣ ሲል ማቃለል አለበት ተብሎ ጫኝና አውራጆች ተጠሩ። የላይኛውን ዱቄት ሲያወርዱ ከሥሩ ካርቶን መጣ። ካርቶን በካርቶን ላይ። የሕፃናት ትኩሳት ማስታገሻ ሽሮፕ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት፣ የተጻፈበት ቀን በኬሚካል ተፍቆ ሌላ ቀን የታተመበት።

የክሊኒኳ ነርስ አንዱን ጠርሙስ አንስታ አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች አሉ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ትኩሳታቸው አልበርድ ያሉ ልጆች እያመጡላት ግራ ገብቷት ነበር። ከነሱ አንዷ የጋሽ ሚዛን የልጅ ልጅ ናት። ተርፋለች። ሌሎቹን አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈራሁት።

ዝምታውን ሲይዙት አፍ አወጣ። ምን አለ መሰለሽ? "ድልድዩ ላይ ያለችው ልጅ የኛ ናት።"

በማግስቱ አቶ ነገ ጠረጴዛው ላይ ቢጫውን ካፖርት ዘርግቶ ጠበቀኝ። አጠገቡ የማላውቃቸው ሁለት መርማሪዎች ነበሩ።

"ይህ ከማን ነው?"

"ከአክስቴ።"

"ማን አመጣው?"

"ሾፌሩ።"

"ሾፌሩን ታውቂዋለሽ?"

"ሰላም እለዋለሁ።"

"ዝናብ ሲዘንብ ሸራ እንደማይነሳ ለሱ የነገረው ማነው?"

አክስቴ፣ እዚህ ላይ በሚያዝያ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ለማን እንደነገርኩ አወቅኩ። ለሾፌር አይደለም የነገርኩት።

ከሥራ ታግጃለሁ። ስወጣ ጋሽ ሚዛን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። "አላውቅም፣ ሾፌሩ ነው የጫነው፣ ተታለልኩ" በዪኝ። አምንሻለሁ። እንዳምንሽ ብቻ አድርጊኝ።

ልጅሽ

ነሐሴ 14 ቀን

ለልጄ፣

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ የሐሰት ምስክር ምላሱ ይታሰር። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደም ግፊቴ ተነስቶ ተኝቼ ነበር። ሐኪሙ "ነገር አይድረሳቸው" ብሏል። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

የሾፌር ወሬ ሰምተሽ እኔን ትጠይቂያለሽ? እኔ "ልጅቷ የኛ ናት" ያልኩት በኩራት ነው። ልጄ ብዬ መኩራት ወንጀል ሆነ? ሸራ አታንሺ አላልኩሽ። አንቺ ምን አጠፋሽ? ዝናብ ላይ ቆመሽ የታዘዝሽውን ሠራሽ፣ በቃ። "አለቃዬ አዞኝ ነው" በያቸውና እሱ ይመልስ። ወይም ያን ቀን አሞኝ ነበር በዪ፤ ሳንባሽን ማን ያላየ አለ?

የንግድ ሰው ብዙ ዕዳ አለበት፣ ብዙ ሰው ያስገድደዋል። አንቺ ይህን አታውቂም፤ ተምረሽ ደመወዝ የምትበይ ልጅ ነሽ። ለዚህ ያበቃሽ ማን እንደሆነ ግን አትርሺ።

ዝናቡ ሲያባራ ራሴ መጥቼ አስረዳለሁ። እስከዚያ ስሜን ለማንም አታንሺ።

አክስትሽ

መስከረም 8 ቀን

ለአክስቴ፣

ጤናዎን ይስጥዎት። ደም ግፊትዎም ይውረድ።

"አላውቅም" ይሉኛል ብዬ ነበር። የላኩልኝን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ፈለግኩበት፤ "አላውቅም" የሚል ቃል የለበትም። ሾፌሩን ሰደቡ፣ አለቃዬን ሰደቡ፣ ሳንባዬን ምክንያት አደረጉ። ያቺን አንዲት ቃል ግን መጻፍ አልቻሉም። እንዲያው ለመዋሸት እንኳን አልሞከሩልኝም።

ስለ ዝናቡ የጠየቁኝ ለሳንባዬ አልነበረም። ከሰዓት ነው ወይ ያሉኝ ለብርዱ አልነበረም። ጣሪያውን ተይው ያሉኝ ስለሚወዱኝ አልነበረም። ካፖርቱን ሁሉም እያየ ያስረከቡኝ ደግሞ እርስዎ የገዙኝ እንድመስል መሆኑ አሁን ገባኝ፤ ቢጫ የሆነውም ለዚሁ ነው። ከሩቅ እንድታይ። እኔ ግን እቅፍ መስሎኝ ለበስኩት።

"ለዚህ ያበቃሽ ማነው" አሉኝ። እርስዎ ነዎት። ዳቦ ሰጥተውኛል፣ አልጋ ሰጥተውኛል፣ ስታመም ሌሊት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ትኩሳቴን በእጅዎ መዳፍ ለክተው ያወቁ ሰው እኮ ነዎት! በዚያው እጅ ያን ካርቶን እንዴት አስጫኑ? ይህን ስጠይቅ ነው የማብደው እንጂ ለሥራዬ አይደለም።

የሆነውን ልንገርዎት። ጉዳዬን የሚያይ ጉባኤ ተቀመጠ። አለቃዬ አዞኝ ነው አላልኩም፤ አሞኝ ነበርም አላልኩም። "ልማዱን ለአክስቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ምን እንደምታደርግበት ግን አላውቅም ነበር" አልኩ። ሰብሳቢው ሳቀ። ያን ጊዜ ማን ተነሳ ቢባል ጋሽ ሚዛን ተነሱ። የልጅ ልጃቸው በዚያ ሽሮፕ ልትሞትባቸው የነበረው ሽማግሌ። "ይህቺ ልጅ ጣሪያ ይሠራ እያለች አለቃውን መድረሻ ስታሳጣው በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አሉ። "ሌባ በሩ እንዲዘጋ ይለምናል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ሲቀመጡ እኔን አላዩኝም። እስካሁንም አያዋሩኝም። የመሰከሩት እውነት ስለሆነ ብቻ ነው።

አላሰሩኝም። ነጻ ነሽም አላሉኝም። ፋይሌ ክፍት ሆኖ ከፍተሻ አንስተው የመሻገሪያ ክፍያ መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። ሳንቲም እቀበላለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። የሚያልፍ ሁሉ "ያቺ ናት" ይባባላል። ፋይሉ የሚዘጋው የዕቃው ባለቤት ቀርቦ "ልጅቷ አታውቅም ነበር" ካለ ብቻ ነው። አራት ቃል እንኳን አይሞላም።

ዝናቡ ሊያባራ ነው። እመጣለሁ ብለዋል። ይምጡ። ገንዘብ አልጠይቅዎትም፣ ይቅርታም አልጠይቅዎትም። ይህችን ብቻ ይዘው ይምጡ።

ከክፍያው መስኮት

ጥቅምት 2 ቀን

ለልጄ፣

አንጀትሽ ይራራ፣ ቁጣሽ ይብረድ። "እርስዎ" ያልሽኝ ከጥፊ በላይ አሞኛል። አንድ ገበታ ላይ ያደግሽ ልጅ እንደ ባዳ ትጽፊልኛለሽ?

እሺ፣ እመጣለሁ። በዚህ ወር ውስጥ በእግሬ ተሻግሬ መስኮትሽ ላይ እቆማለሁ። የምትፈልጊውን እላለሁ። አንቺ ብቻ ጠብቂኝ፣ እስከዚያ ለማንም ምንም አትጨምሪ።

አክስትሽ

ኅዳር 5 ቀን

ለልጄ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ፊትሽ ይፍታ። ሳልመጣ ቀረሁ፤ አትፍረጂብኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ድልድዩ ረጅም ነው። ዛሬም እዚሁ ማዶ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ፣ አንቺ ያለሽበትን እያየሁ ነው የምጽፍልሽ። ዓይኔ እዚያ ነው፣ እግሬ ግን አልችል አለ።

ነገሩ እዚህም ከፍቶብኛል። ዝምታው የማይባል ሁሉ ብሏል፣ እየፈለጉኝ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ልመናዬን ስሚኝ። ለሚጠይቅሽ ሁሉ "አክስቴ ሞታለች" በዪ። የሞተ ሰው ማንም አይከስስም፤ አንቺም ታርፊያለሽ፣ እኔም አርፋለሁ። ፋይሉም በዚያው ይዘጋልሻል። ይህን ካደረግሽልኝ ያሳደግኩሽን ከፈልሽኝ ማለት ነው።

እንግዲህ አትጻፊልኝ።

አክስትሽ

ኅዳር 6 ቀን

አክስቴ፣

ቀኑን መጀመሪያ ጻፍኩ። አንቺም ጽፈሻል፦ ኅዳር 5። ስንት ነገር ዋሽተሽኝ ቀን መዋሸት ግን አልሆነልሽም፤ ልማድ ክፉ ነው። እንግዲያው ንገሪኝ፦ ሁለት ዋና ከተማ ዞሮ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ደብዳቤ በማግስቱ እጄ የገባው በምን ክንፍ ነው?

ፖስተኛው መስኮቴ ላይ ሲያኖረው ቀኑን አየሁ። እንደገና አየሁ። ከዚያ ቀና አልኩ። ኮረብታው ላይ ያለው ቤታችን ከዚህ መስኮት ይታያል። አረንጓዴዎቹ የመስኮት መዝጊያዎች አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እንደተዘጉ ነበሩ። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። ሰሞኑን አንደኛው ተከፍቶ አይቼ "ነፋስ ይሆናል" ብዬ አልፌው ነበር።

ነፋስ አይደለም። አንቺ ነሽ።

በየት ገባሽ? ከወንዙ መታጠፊያ በታች ባሉት ጀልባዎች ይሆናል። እኔ ደግሞ ዝናቡ ካባራ ጀምሮ በእግሯ የምትሻገር ሴት ሁሉ ፊት እያየሁ ከረምኩ። ሻርፕ የተከናነበች፣ ጎንበስ ብላ የምትራመድ በመጣች ቁጥር ከወንበሬ እነሳ ነበር። አንዷን "አክስቴ!" ብዬ ተጣራሁ። እንግዳ ሴት ነበረች። ደረሰኟን ተቀብላ "ምን ነካሽ ልጄ፣ ብትፈልጊስ እሆንልሻለሁ" ብላኝ ሄደች። ያቺ የማላውቃት ሴት ከአንቺ የተሻለ ነገር አለችኝ።

"ሞታለች በዪ" አልሽ። አልልም። ደብዳቤሽን ስጨርስ መስኮቱን ዘግቼ አለቀስኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ። ምክንያቱም ለአንድ አፍታ ልለው ፈልጌ ነበር። ማለቱ ቀላል ነበር፤ የሚጠየቀው ባለቤት ሞተ ከተባለ ፋይሌም ይዘጋ፣ አንቺም ትጠፊ ነበር። ግን እናቴን አንዴ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛዋን በሕይወት እያለች አልቀብርም። የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ አንቺ ግን ትጠየቂያለሽ።

አንድ ዜና አለኝ። ጣሪያው ተሠራ። ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ ከዚያ ከከፈትሽው መስኮት ሆነሽ ታዪዋለሽ። አቶ ነገ ለጎብኚዎች ሁሉ "የኔ ሐሳብ ነበር" እያለ ያስጎበኛል። ይበል። አሁን ዝናብ ሲዘንብ ሸራ ይነሳል።

ስለዚህ እንዲህ ነው የምናደርገው። ከዚያ ቤት ተነስተሽ ቁልቁል ስትወርጂ መጀመሪያ የምታገኚው የፍተሻውን ቢሮ ነው። ሚዛኑም፣ መስኮቴም፣ ማገጃውም ከሱ ወዲያ ናቸው። እስከዚያ ድረስ የምትከፍይው የለም፣ የምትሻገሪው ውሃም የለም። ጉልበትሽ ጀልባ ላይ ለመውጣት ከበቃ ለዚህች መንገድ አያንስም። አቶ ነገ ጠረጴዛው ጋ ይኖራል። ጋሽ ሚዛን በመስኮታቸው ይሰማሉ። እኔም እቆማለሁ፤ ለመንገደኛ ሁሉ የምንጠይቀውን እጠይቅሻለሁ፦ "የሚያሳውቁት ነገር አለ?" መልሱን ታውቂዋለሽ።

እስከ ዓርብ ለማንም አልናገርም። ይህን የምሰጥሽ ላሳደግሽኝ ነው፤ ከዚህ በኋላ የቀረብኝ ዕዳ የለም። ዓርብ ከፈረቃዬ ስወጣ አለቃዬን ይዤ ኮረብታውን እወጣለሁ። በሩን አንኳኩቼ ነው የምገባው፤ ማንኳኳት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በራስሽ እግር ብትመጪ ግን ይሻላል። ላንቺም፣ ለኔም።

ዛሬ ሰማዩ ጠቁሯል። ቢዘንብም ነይ። አሁን ጣሪያ አለን።

ዳኛሽ